ሥዕሉን ሸፍናችሁ አንብቡ

የደብረ ወርቅና የአካባቢዋ አዲስ አንባቢዎች፣ ዛሬ የምንነጋገረው በመማሪያ ክፍል ስለሚሰቀሉት ሥዕሎች ነው።

ሥዕል ጥሩ አስተማሪ ነው። ይህን ለእናንተ መንገር አያስፈልግም፤ የደብረ ወርቅ ማርያምን ሥዕሎች እያያችሁ አድጋችኋል። በቀድሞ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎቻችን ልማድ ደግ ሰው ሙሉ ፊቱ፣ ሁለት ዓይኑ ይታያል። ክፉው ግን በጎን ይሣላል፤ የሚታየው አንድ ዓይኑ ብቻ ነው። ይህን ያወቀ ሰው ፊደል ሳይቆጥር ሥዕሉን ይረዳል። ግን መጀመሪያ የነገረው ሰው አለ። ሥዕልም ይማሩታል ማለት ነው።

አሁን ወደ ክፍላችን እንግባ። መምህሩ ቀንበር የተጫናቸው ሁለት በሬዎች ሥዕል ሰቀለ እንበል። ከሥሩ «ጥማድ» ተብሎ ተጽፏል። «አንብቡ» ሲል ሁሉም «በሬ!» ብሎ ይጮኻል። ማን አነበበ? ማንም! ዓይናቸው ሥዕሉ ላይ ነበራ። ጥፋቱ የሥዕሉ አይደለም፤ ሥዕል ነገሩን ያስታውሳል፣ ለጨዋታም ይጋብዛል። ማንበብ የሚጀመረው ግን ሥዕሉ በእጅ ሲሸፈን ነው።

የኔታም ይህን ያውቁታል። በፊደል ገበታ ላይ 33 ፊደላት አሉ፤ እያንዳንዱ 7 ቅርጽ አለው፤ በጠቅላላው 231 ነው። ልጁ ሀ ሁ ሂ እያለ በዜማ ይወርደዋል። አፉ ይሠራል፤ ዓይኑ ግን ላይሠራ ይችላል። ከዚያ አቡጊዳ ይመጣል፦ አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ። ተራው ተደበላለቀ። አሁን ቅርጹን ሳያዩ በዜማ ማምለጥ የለም።

በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል ቆጥረው በኋላ የረሱ ሰዎች አሉ። የሚያነቡት ነገር በእጃቸው አልነበረም። እናንተ ግን የምታነቡት ቤታችሁ ውስጥ አለ። የተባይ መድኃኒት ዕቃ ላይ የራስ ቅልና የተጋደመ አጥንት ይሣላል። ሥዕሉ «መርዝ ነው» ይላችኋል። በስንት ውሃ እንደሚበጠበጥ፣ ከተረጨ ስንት ቀን በኋላ እህሉ እንደሚታጨድ ግን አይነግራችሁም። እሱ ያለው ጽሑፉ ላይ ነው። እዚያ ላይ በግምት ማንበብ ቤተሰብ ይጎዳል።

እንግዲህ ካርቶን ቁረጡ። በአንዱ ገጽ ሥዕል ሣሉ፣ በጀርባው ቃሉን ጻፉ፦ ጤፍ፣ ማረሻ፣ ውሃ፣ ጥማድ፣ መርዝ። በሬው ፍየል ቢመስልም ግድ የለም፤ እናንተ ካወቃችሁት ይበቃል። ከዚያ እንደ ካርታ በውዟቸው። ልጃችሁ የጽሑፉን ገጽ ያሳያችሁ፤ እናንተ አንብቡ። ካነበባችሁ በኋላ ይገልብጠውና ሥዕሉን እዩ። የሳታችሁትን ለብቻ አስቀምጡና ነገ ማታ ከእሱ ጀምሩ።