ዕቃችንን ከመጫናችን በፊት ማድ ቤቱን እንዴት አቀድነው

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ባለፈው ስብሰባ "ከማኅበሩ የቁጠባና ብድር ሣጥን ተበድራችሁ ማድ ቤት አሠርታችኋል፤ እንዴት እንዳደረጋችሁት ንገሩን" ተብለን ነበር። እሺ ያልነው ሁሉንም አሳምረን ስለሠራን አይደለም። የመጀመሪያው ዕቅዳችን የተሳሳተ ነበር። ስሕተቱን ያገኘነው ግን ጣውላ ሳይቆረጥ፣ ገንዘብ ከእጃችን ሳይወጣ ነው። ለእናንተም ይጠቅማል ብለን ያሰብነው ይህንኑ ነው።

እኛ ስንል ሦስት ሴቶች ነን። እናታችንን አብዛኞቻችሁ ታውቋታላችሁ፤ እንጀራ ጋግራ እየሸጠች ነው ያሳደገችን። ታናሽ እህታችን ዘጠኝ ዓመት ቤይሩት በሰው ቤት ሠርታ የተመለሰች ናት። ሦስተኛዋ ይህችው ፊታችሁ የቆመችው የሒሳብ ሠራተኛ ናት።

እማዬ ለኮንዶሚኒየም በ1997 ዓ.ም. ተመዝግባ፣ በ2005 ዓ.ም. ደግሞ እንደገና ተመዝግባ ስትቆጥብ ኖራለች። ከእጣው 30 በመቶው ለሴቶች ቢባልም የእሷ ስም ሳይወጣ ዓመታት አለፉ። በመጨረሻ የእህታችንን የቤይሩት ገንዘብ፣ የእማዬን ቁጠባና ብድር አንድ ላይ አድርገን፣ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ምድር ላይ ያለች ባለ አንድ መኝታ ቤት ከቀድሞ ባለቤቷ ገዛን። ተከራይተን ከምንኖርበት ግቢ በእግር 10 ደቂቃ ነው።

ማድ ቤቷ 1 ሜትር ከ80 በ2 ሜትር ከ20 ናት። ሴራሚኳ የተነቃቀለ፣ ማጠቢያዋ የሚያፈስ፣ ግድግዳዋ በእንፋሎት የጠቆረ ነበር። ሳናድሳት አንገባም ተባባልን። የነበረን 100,000 ብር ነው፤ 50,000 ብር ከማኅበራችን ተበደርን። በ20 ወር የሚከፈል ነው። እዚህ ላይ ልብ በሉልን፤ ያ ብድር የሚከፈለው ከእማዬ እንጀራ ነው። እማዬ አንድ ወር ሳትጋግር ከቀረች ደንበኞቿ ሌላ ቤት ይለምዳሉ፣ እኛም የእናንተን ገንዘብ መመለስ ያቅተናል።

ይህን እያወቅን የመጀመሪያውን ዕቅድ እንዲህ ጻፍነው። ለላይና ለታች ካቢኔት 82,000 ብር። ለሴራሚክ 31,000። ለማጠቢያና ለቧንቧ 14,000። ለቀለም 8,000። ለኤሌክትሪክ 5,000። ለመጠባበቂያ 10,000። ድምሩ 150,000 ብር፤ አንድ ሳንቲም አይጎድልም፣ አይተርፍም። ወረቀቱን አይተን ደስ አለን።

ካቢኔቱ የእህታችን ምኞት ነበር። በስልኳ ፎቶ አሳየችን፤ ነጭ፣ የሚያበራ፣ እስከ ጣሪያ የሚደርስ። "ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ያለ ማድ ቤት ስወለውል ኖሬአለሁ። ሁልጊዜ የራሴ ቢሆን እል ነበር" አለችን። ይህን የሰማ ሰው ምን ይላል? እማዬም ዝም አለች፤ እኛም ዝምታዋን እሺታ ነው ብለን ወሰድነው።

አናጢው ቀብድ ሊቀበል ሊመጣ ሁለት ቀን ሲቀረው ቁልፉን ይዘን ወደ ባዶው ቤት ሄድን። ጠመኔና ሜትር ይዘን ነበር። የካቢኔቱን ስፋት 60 ሳንቲ ሜትር በዚህ ወገን፣ 60 በዚያ ወገን፣ ወለሉ ላይ ሠመርነው። ለመተላለፊያ የቀረው 60 ሳንቲ ሜትር ነው። ከዚያ እማዬን "ነይ፣ ልክ እንደ ጠዋቱ ጋግሪ" አልናት።

እማዬ በባዶ እጇ መጋገር ጀመረች። አክንባሎውን አነሣች፤ የምታስቀምጥበት የለም። ሊጡን ልትቀዳ ጎንበስ አለች፤ ባልዲው የሚቀመጥበት የለም። እንጀራውን በሰፌድ አውጥታ ዘወር ስትል ክርኗ ግድግዳው ጋ ደረሰ። እንደገና ሞከረች። በመጨረሻ ቆም አለችና "ልጆቼ፣ ይህ ማድ ቤት ያምራል። እኔ ግን የምቆምበት የለኝም" አለች።

እናቶቻችን፣ እኛ 150,000 ብር ስንደለድል ምጣዱን አልጻፍነውም ነበር። በየቀኑ 60 እንጀራ የሚወጣበት፣ ብድራችንን የሚከፍለው ምጣድ በወረቀቱ ላይ አልነበረም። ለዓይን የሚታየውን ዋጋ አውጥተን፣ የሚሠራውን ረሳን።

በዚያው ቀን ማታ ዕቅዱን ከጥያቄ ጀመርነው። እዚህ ማድ ቤት ውስጥ ማን ይሠራል? ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት? ምን ያነሣል፣ ወዴት ያዞራል? እማዬ እየነገረችን ጻፍን። ሊጥ የሚቦካባቸው ሦስት ባልዲዎች አሉ፤ ቢበዛ ከጉልበት ከፍ ባለ መደርደሪያ ላይ ካልሆኑ ወገቧ አይችልም። ምጣዱ ከነማስቀመጫው 70 ሳንቲ ሜትር ቦታ ይፈልጋል። አናጢው ያሰበው የ90 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ለመክተፊያ ጥሩ ነው፤ ለምጣድ ግን ለእሷ ቁመት ይበዛል። 70 ላይ ተስማማን። ከምጣዱ በላይ ካቢኔት አይኖርም፤ እንፋሎቱ ኤምዲኤፉን አሳብጦ በአጭር ጊዜ ይጥለዋል።

ቀጥሎ ኤሌክትሪኩ ነው። የምጣዳችን ጽሑፍ 3,500 ዋት ይላል። መብራታችን 220 ቮልት ነው። 3,500ን ለ220 ስናካፍለው 16 አምፔር ገደማ ይመጣል። ግድግዳው ውስጥ የነበረው ሽቦ 2.5 ካሬ፣ ብሬከሩ ደግሞ 16 አምፔር ሆኖ ተገኘ፤ ሌሎቹ ሶኬቶችም በዚያው መስመር ላይ ናቸው። ምጣዱ ብቻውን መስመሩን ይሞላዋል ማለት ነው፤ ፍሪጅ ሲጨመርበት ብሬከሩ ይወርዳል። አንድ ጎረቤት "ትልቅ ብሬከር ቀይሩበት፣ ያልፍላችኋል" ብሎን ነበር። የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ግን በፍጹም አለን። ብሬከሩ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው፤ ሽቦው ሳይቀየር ብሬከሩ ብቻ ቢተልቅ፣ ብሬከሩ ሳይወርድ ሽቦው ግድግዳ ውስጥ ይግላል፣ እሳትም ያስነሣል። ስለዚህ ከቆጣሪው ሳጥን ለምጣዱ ብቻ የሚሆን ባለ 6 ካሬ አዲስ መስመር፣ የራሱ 25 አምፔር ብሬከርና ኧርዝ አስገባን። ምጣድ ያላችሁ ሁሉ ቤታችሁ ሄዳችሁ ይህንን አስመርምሩ።

ሦስተኛው ውኃ ነው። ከአካባቢው ስላልወጣን የውኃውን ፈረቃ እናውቀዋለን። 300 ሊትር ሮቶ በጓሮ በኩል በምትገኘው በረንዳ ላይ አስቀመጥን። ለዚህም ሆነ ለአየር ማውጫው የሕንፃውን የቤት ባለቤቶች ማኅበር አስቀድመን ጠየቅን። በጋራ ሕንፃ ውስጥ የውጭ ግድግዳና ዋናው የፍሳሽ ቱቦ የጋራ ነው። ግንበኛውንም ኮለንና ቢም እንዳይነካ በጽሑፍ አስፈረምነው።

ሁለተኛው ዕቅድ እንዲህ ሆነ። ኤሌክትሪክ 18,000 ብር። ውኃ፣ ፍሳሽና ሮቶ 24,000። የአየር ማውጫና መስኮት 12,000። ሴራሚክ 28,000። ማጠቢያ 14,000። የታች ካቢኔትና የሊጥ መደርደሪያ 30,000። ቀለም 6,000። መጠባበቂያ 18,000። ድምሩ ያው 150,000 ብር ነው። ገንዘቡ አልጨመረም፤ ቦታውን ነው የቀየረው። ግድግዳ ውስጥ የሚቀበረውን አስቀደምን፤ ምክንያቱም ካቢኔት በሚቀጥለው ዓመትም ይሰቀላል፤ ሽቦና ቱቦ ግን ሴራሚክ ከተለጠፈ በኋላ ቢነካ ሁለት ጊዜ ያስከፍላል።

የላይኛው ካቢኔት ቀረ። ይህን ለእህታችን መንገር ከበደን። ስንፈራ ስንቸር እሷው ቀደመችን። በማግስቱ ወደ ቤቱ ሄዳ ጠመኔውን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጋ የእማዬን ልክ እንደገና ሠምራ አገኘናት። እማዬ ግን "የልጄ ምኞት በእኔ ምጣድ አይሰረዝም" አለች። እኛም በወረቀቱ ግርጌ አንድ መስመር ጨመርን። በሒሳብ ሥራ የተሰረዘና ወደሚቀጥለው ጊዜ የተዛወረ አንድ አይደሉም። "የላይ ካቢኔት፣ ከምጣዱ ፊት ለፊት ባለው ግድግዳ፣ ብድሩ እንዳለቀ" ብለን ጻፍን። የሚሰቀልበትንም ቦታ ከአሁኑ አስለካን። የሴራሚኩን ቀለም እሷ ብቻዋን መረጠች፤ ነጭ ነው።

አሁን ደግሞ ያልተሳካልንን እንንገራችሁ። ሦስት ሳምንት ይፈጃል የተባለው ሥራ አምስት ሳምንት ፈጀ። የድሮው ማጠቢያ ሲነሣ ከሥሩ ያለው የፍሳሽ ቱቦ ተሰንጥቆ ወለሉ ሥር ሲያፈስ ተገኘ፤ 11,000 ብር ወጣ። ከመጠባበቂያው የተረፈው 7,000 ነው። ሥራው ወሩን ስላለፈ የአንድ ወር ተጨማሪ ኪራይ 9,000 ብር ከፈልን። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ የምትለዋ ልጅ ይህን ኪራይ በዕቅዱ ላይ አልጻፈችውም ነበር! የጎደለው 2,000 ብር ከእማዬ የእንጀራ ገንዘብ ተሞላ።

እማዬ ያን ገንዘብ ማግኘት የቻለችው በእነዚያ አምስት ሳምንታት አንድ ቀን እንኳ መጋገር ስላላቆመች ነው። አዲሱ ቤት ቅርብ መሆኑ የጠቀመን እዚህ ላይ ነው። ጠዋት በድሮው ግቢ ትጋግራለች፤ ከሰዓት በኋላ አንዳችን ሄደን ሥራውን እናያለን። ሴራሚክ ሊለጠፍ ሲል የምጣዱ ሶኬት ከማጠቢያው አጠገብ ሊቀመጥ እንደሆነ አይተን ያስቆምነው በዚህ ምክንያት ነው። ሩቅ ብንሆን የምናውቀው ገብተን ነበር። አከራያችንም ደግ ሴት ናቸው፤ መብራት በጠፋ ቀን መጥታ በግቢው የእንጨት ምጣድ እንድትጋግር ፈቅደውላታል። ኮንዶሚኒየም ቤት ውስጥ እንጨት አይነድም፤ በየሳይቱ የተሠራው የጋራ ማብሰያ ቤትም ከእኛ ብሎክ ራቅ ይላል፤ ሊጥ ተሸክሞ ለመመላለስ አይመችም።

ዕቃችንን የጫንነው ሁሉም ከተሞከረ በኋላ ነው። ምጣዱን ቀድመን ወስደን ለሁለት ሰዓት አስጋገርንበት፤ ብሬከሩ አልወረደም፣ ሶኬቱም አልጋለም። ማጠቢያውን ሞልተን ለቀቅነው፤ ከሥር ጠብታ አልወጣም። ከዚያ ነው መኪና የጠራነው።

እህቶቻችን፣ ወደ አዲስ ቤት የምትገቡ፣ ወይም ያላችሁበትን ማድ ቤት ልታድሱ የምታስቡ ካላችሁ፣ እኛ ዛሬ ብንጀምር የምናደርገው ይህን ነው። ከካቢኔት ፎቶ በፊት ማድ ቤቱ ውስጥ የሚሠራውን ሰው እናስቆመዋለን፤ በጠመኔ ሠምረን ሥራውን እንዲያሳየን እንጠይቀዋለን። ዝም ያለ ሰው የተስማማ አይመስለንም። የምጣዳችንን ዋት አንብበን ለኤሌክትሪክ ሠራተኛው እንነግረዋለን። ከጠቅላላው ገንዘብ ከአሥር አንድ እጅ በላይ ለመጠባበቂያ እንይዛለን። የሁለት ቤት ኪራይና የመኪና ጭነትንም በዕቅዱ ላይ እንጽፋለን።

ከብድሩ የሰባት ወር ከፍለናል፤ 13 ወር ይቀረናል። እስከ ዛሬ አንድም ወር አላሳለፍንም። ለሣጥኑ የምታዋጡ አባላትና የምትደግፉን ወዳጆች ገንዘባችሁ የት እንደደረሰ መጥታችሁ ማየት ትችላላችሁ፤ ግድግዳ ውስጥ ያለው ሽቦ ባይታይም፣ እማዬ ቆማ ስትጋግር ይታያል።

ሁለቱንም ዕቅዶች፣ የተሳሳተውንም ጭምር፣ ጽፈን ለማኅበሩ ጸሐፊ ሰጥተናል፤ የምትፈልጉ ኮፒ አድርጉ። ቤታችሁን የምትለኩ ካላችሁ ሜትሩንም እናውሳችኋለን።