የአስተዳደር ሰርቨርን በር ስለ መዝጋት
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




የመጽሔታችን አዘጋጆች በዚህ መድረክ እንድናገር ሲጠይቁኝ ርእሱን ራሴ እንድመርጥ ፈቅደውልኝ ነበር። ስለ ታላላቅ ሥራዎች የሚናገሩ ከእኔ የበለጡ ባለሙያዎች በዚህ አዳራሽ ስላሉ፣ እኔ ስለ አንዲት ትንሽ በር ልናገር መርጫለሁ፤ ይኸውም አንድን ሰርቨር በድረ ገጽ አማካይነት ለምናስተዳድርበት ክፍል የመግቢያ ቁጥጥር ስለ ማበጀት ነው። ጉዳዩ ጥቃቅን መስሎ ይታያል። ነገር ግን በእኔ እጅ የተሠራ አንድ በር የለሽ ገጽ በሰው ላይ ምን እንዳደረሰ ስለማውቅ ከዚያው እጀምራለሁ። በባሕር ማዶ የተፈጸመውን በአውሮፓ አቆጣጠር፣ የቤታችንን ደግሞ በራሳችን አቆጣጠር እንደምጠቅስ አስቀድሜ ላስታውቅ።

በ2010 ዓ.ም. በአንድ መሥሪያ ቤት የመረጃ ክፍል ውስጥ እሠራ ነበር። ለሠራተኞች የኢሜይል አድራሻ የሚከፍት፣ የሌሊቱን መጠባበቂያ ቅጂ የሚይዝ፣ የቆመ አገልግሎትን መልሶ የሚያስነሣ አንድ የአስተዳደር ሰርቨር ነበረን። ትእዛዙ ሁሉ በጥቁር መስኮት ላይ በእጅ ይጻፍ ስለ ነበርና ባልደረቦቼም በዚህ ስለሚቸገሩ፣ ሁሉን በመጫን ብቻ የሚፈጽሙበት ድረ ገጽ ሠራሁላቸው። ሥራው ተወደደ፤ እኔም ተመሰገንኩ። ስለ መግቢያ ቁጥጥር የጠየቀኝ አንድ ሰው ብቻ ነበር። «የውስጥ መረብ አይደለም እንዴ? ከግቢያችን ውጭ ማን ይደርስበታል?» ብዬ መለስኩለት።

ከጥቂት ወራት በኋላ፣ አንድ እሑድ ሌሊት፣ የሦስት ወር መጠባበቂያ ቅጂ ተሰርዞ ተገኘ። መዝገቡ ሲገለጥ ሰዓቱ አለ፤ የተሰጠው ትእዛዝም አለ፤ የትእዛዙ ባለቤት ግን «አስተዳዳሪ» ከሚለው ቃል በቀር ስም አልነበረውም። በዚያ ሌሊት ተረኛ የነበረው አንድ ወጣት ቴክኒሻን ስለ ነበር ጥፋቱ በእርሱ ላይ ወደቀ። «እኔ አልነካሁም» አለ። ነክቶ ሊሆን ይችላል፤ ላይነካም ይችላል። ይህን የሚለይ ነገር ግን እኔ አልሠራሁም ነበር። ወጣቱ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶት ወደ ሌላ ክፍል ተዛወረ።

ከዚህ በኋላ መጀመሪያ የወሰድኩት እርምጃ አብዛኞቻችን የምንወስደው ነው። በ1996 በወጣው የኤች ቲ ቲ ፒ 1.0 ሰነድ ውስጥ የተገለጸ «መሠረታዊ ማረጋገጫ» የሚባል ዘዴ አለ፤ በሰርቨሩ ላይ ጥቂት መስመር ከተጻፈ ብራውዘሩ ራሱ ትንሽ መስኮት ከፍቶ ስምና የይለፍ ቃል ይጠይቃል። ግማሽ ቀን አልፈጀብኝም። ሲመረመር ግን ሁለት ጉድለት አለው። አንደኛው፣ ስሙና የይለፍ ቃሉ አንድ ጊዜ ብቻ ሳይሆን ከእያንዳንዱ ጥያቄ ጋር ይላካሉ፤ የሚላኩትም ቤዝ 64 በሚባል አጻጻፍ ተለውጠው ነው። ይህን ምስጠራ ነው ብለው የሚያምኑ ባለሙያዎች አጋጥመውኛል፤ ነገሩ ግን አማርኛን በላቲን ፊደል እንደ መጻፍ ያህል ነው፤ ፊደሉን የሚያውቅ ሁሉ ያነበዋል። ሁለተኛውና ለእኛ የባሰው ጉድለት መውጫ የሌለው መሆኑ ነው። ብራውዘሩ የይለፍ ቃሉን እስኪዘጋ ድረስ በጉያው ይዞ ይቆያል። በተረኞች ክፍል አንድ ኮምፒዩተር ለአምስት ሰው ነው፤ ብራውዘሩንም የሚዘጋው የለም። ስለዚህ የማታው ተረኛ በቀኑ ተረኛ ስም ሲሠራ ያድራል። በመዝገቡ ላይ ስም ተጽፏል፤ ግን የሌላ ሰው ስም ነው። ስም የሌለው መዝገብ አንድን ሰው በጥርጣሬ ቢያስቀጣ፣ የተሳሳተ ስም ያለው መዝገብ በማስረጃ ያስቀጣል። ከፊተኛው የከፋ ነገር መሥራቴን የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው።

እንግዲህ ሴሽን ወደሚባለው ዘዴ እንመጣለን። ቃሉን «ክፍለ ጊዜ» ብለው የሚተረጉሙ አሉ፤ ይህ የትምህርት ቤት ደወል ስለሚያስታውሰኝ እኔ «ቆይታ» እለዋለሁ። አሠራሩ ከማናችንም የተሰወረ አይደለም። ወደ አንድ መሥሪያ ቤት የሚገባ ባለጉዳይ በር ላይ መታወቂያውን ያስይዛል፤ ጥበቃውም ስሙንና ሰዓቱን በመዝገብ ጽፎ ቁጥር ያለበት ባጅ ይሰጠዋል። ከዚያ በኋላ በየቢሮው ደጃፍ መታወቂያ አይጠየቅም፤ ባጁን ማሳየት ይበቃዋል። ሲወጣ ባጁን ይመልሳል፤ ስሙም ከመዝገቡ ይሰረዛል። ልብ እንበል፤ በባጁ ላይ ቁጥር እንጂ ስም የለበትም፤ የባለጉዳዩ ማንነት ያለው በጥበቃው እጅ ነው።

ኤች ቲ ቲ ፒ በተፈጥሮው ዝንጉ ነው፤ ከአንድ ደቂቃ በፊት ያነጋገረውን ሰው አያስታውስም። ባጁን የሚሸከመው ኩኪ የሚባለው ትንሽ ጽሑፍ ሲሆን፣ ይህንንም በ1994 በኔትስኬፕ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ሉ ሞንቱሊ አበጀው። ሰርቨሩ ለብራውዘሩ አንድ ቁጥር ይሰጣል፤ ብራውዘሩም በተመለሰ ቁጥር ያንኑ ያሳያል። የይለፍ ቃሉ በመረቡ ላይ የሚጓዘው በመግቢያው ሰዓት አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ይህን ሠርቶ ለማቆም ሁለት ቀን ይበቃል። በደንብ ለማቆም ግን ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ፤ ጊዜውን የወሰደውም እያንዳንዱ ተራ የሚመስል ውሳኔ ነው።

በመጀመሪያ የባጁ ቁጥር በግምት የማይገኝ መሆን አለበት። እኔ በስንፍና ሰዓቱንና የፕሮግራሙን መለያ ቁጥር አጋጥሜ ልሠራው ነበር። በ1995 ኢያን ጎልድበርግና ዴቪድ ዋግነር የተባሉ ሁለት የበርክሊ ተማሪዎች የኔትስኬፕን ምስጠራ የሰበሩት በዚሁ መንገድ እንደ ነበረ ትዝ ሲለኝ ተውኩት፤ ፕሮግራሙ የምስጢሩን መነሻ ይቀዳ የነበረው ከሰዓቱና ከእንዲህ ዐይነት መለያ ቁጥሮች ስለ ነበር፣ መነሻው በጥቂት ሙከራ ተገኘ። ስለዚህ የኦፐሬቲንግ ሲስተሙን የዘፈቀደ ቁጥር ምንጭ ተጠቅሜ 128 ቢት ወሰድኩ።

መዝገቡ የት ይቀመጥ? በሰርቨሩ ሜሞሪ ውስጥ ማስቀመጥ ይቀላል፤ ነገር ግን መብራት በሄደ ቁጥር ሁሉም ባጅ ይሞታል፤ መብራት እንዴት እንደሚሄድ ደግሞ ለእናንተ አልነግርም። በዲስክ ላይ ወደሚገኝ ትንሽ ዳታቤዝ አዛወርኩት። ይህም ሌላ ጥንቃቄ አስከተለ፤ ዳታቤዙን የሰረቀ ሰው ሕያው ባጆችን እንዳያገኝ የምጽፈው ቁጥሩን ራሱን ሳይሆን የቁጥሩን ሃሽ ነው። በተጨማሪም ሰው የይለፍ ቃሉን ሰጥቶ በገባ ቅጽበት አሮጌው ቁጥር ተሽሮ አዲስ እንዲሰጠው አደረግሁ፤ አለዚያ አንድ ተንኮለኛ አስቀድሞ የሚያውቀውን ባጅ በሌላው ደረት ላይ ለጥፎ፣ እርሱ ሲገባ አብሮት ይገባል።

ባልደረቦቼን ያጨቃጨቀው የቆይታው ርዝመት ነበር። እኔ ለ15 ደቂቃ ያህል ያልተነካ ገጽ ይዘጋ አልኩ። የሌሊት ተረኞች ተቈጡ፤ «አንተ ቤትህ ተኝተህ እኛ በየ15 ደቂቃው ስማችንን ልንጽፍ ነው?» አሉኝ። እውነት አላቸው፤ ሰው የሰለቸውን በር በድንጋይ ደግፎ ከፍቶ ይተወዋል። በ30 ደቂቃና በፈረቃው ማብቂያ ላይ በግድ እንዲዘጋ ተስማማን። «ውጣ» የሚለው ሲጫን ደግሞ ኩኪውን ከብራውዘሩ ማጥፋት ብቻ አይበቃም፤ በሰርቨሩ መዝገብ ላይ ያለው መሰረዝ አለበት። ቀድሞ የተገለበጠ ባጅ ካለ የሚሞተው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ ግን መንገዱ ካልተመሰጠረ ዋጋ የለውም። በ2010 ኤሪክ በትለር የተባለ ፕሮግራመር ፋየርሺፕ የሚል ለብራውዘር የሚጨመር ፕሮግራም ለሕዝብ አቀረበ፤ ባልተቈለፈ ዋይፋይ ላይ የተቀመጠ ማንም ሰው የጎረቤቱን ኩኪ በአንድ መጫን እየወሰደ በጎረቤቱ ስም ይገባ ነበር። ደራሲው ያደረገው ታላላቆቹን ድርጅቶች ለማሳፈር ነው፤ ድርጅቶቹም ከዚያ ወዲህ ወደ ኤች ቲ ቲ ፒ ኤስ ፈጥነው ዞሩ። «የውስጥ መረብ ነው» የሚለው የእኔ መልስ የቢሯችንን ዋይፋይ ረስቶ ነበር።

የይለፍ ቃሉ አቀማመጥ የቆየ ታሪክ አለው። ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ የይለፍ ቃል ከሰጡት ቀደምት ሥርዓቶች አንዱ በኤም አይ ቲ የተሠራው ሲ ቲ ኤስ ኤስ ነው። መሪው ፈርናንዶ ኮርባቶ የ1990ን የቱሪንግ ሽልማት ሲቀበል ባደረገው ንግግር እንዳወሳው፣ በ1960ዎቹ አንድ ከሰዓት በኋላ ሁለት ፋይሎች ተለዋውጠው፣ የገባ ሰው ሁሉ በዕለቱ ማስታወቂያ ፈንታ የሁሉንም የይለፍ ቃል ዝርዝር ያነብ ነበር። ቃሎቹ በግልጽ ተጽፈው ነበርና። ሮበርት ሞሪስና ኬን ቶምሰን በ1979 ባወጡት ጽሑፍ የይለፍ ቃል «ጨው» ተነስንሶበት፣ ወደ ኋላ በማይመለስ ስሌት ተለውጦ መቀመጥ እንዳለበት አስረዱ። ስሌቱን ሆን ብሎ የሚያዘገየው ቢክሪፕት በ1999፣ በውድድር ያሸነፈው አርጎን 2 በ2015 መጡ። እኔ አርጎን 2ን ወሰድኩ። ሰርቨሩ ከተተከለ በኋላም የመጀመሪያው የይለፍ ቃል በመግቢያው ቅጽበት እስኪለወጥ ድረስ ምንም ሥራ አይሠራም፤ ይህን ያደረግሁት በ2016 ሚራይ የተባለው ተንኮለኛ ፕሮግራም፣ ከፋብሪካ የወጡበት የይለፍ ቃል ያልተለወጠላቸውን ካሜራዎችና የመረብ ዕቃዎች 60 ያህል የታወቁ የስምና የይለፍ ቃል ጥምረቶችን ብቻ እየሞከረ እንዴት እንደ ሰበሰባቸው ስለማስታውስ ነው።

አሁን ወደ መጨረሻው ነጥብ ልምጣ፤ ለእኔም ከሁሉ የከበደው ይህ ነው። ጸሐፊዋ ለአለቃው በምታቀርበው የሚፈረም ደብዳቤ መካከል አንድ ባዕድ ወረቀት ቢሸጎጥ፣ አለቃው ሳያነብ ሊፈርምበት ይችላል። በብራውዘርም እንዲሁ ነው። አስተዳዳሪው በቆይታው ላይ ሳለ ሌላ ተንኮለኛ ገጽ ቢከፍት፣ ያ ገጽ «ሰርዝ» የሚል ጥያቄ ወደ ሰርቨራችን ሊልክ ይችላል፤ ብራውዘሩም ባጁን በቅንነት አያይዞ ይልካል። መድኃኒቱ ሰርቨሩ በሚያወጣው በእያንዳንዱ ቅጽ ላይ ለዚያ ቆይታ ብቻ የሚያገለግል ምስጢራዊ ምልክት ማተም፣ በኩኪውም ላይ ሴም ሳይት የሚባለውን ገደብ ማድረግ፣ ማናቸውንም ነገር የሚለውጥ ትእዛዝ በተራ ሊንክ አለመቀበል ነው።

ይህን የመጨረሻውን ሳነብ ነበር እጄ የቆመው። በመጀመሪያው ገጼ ላይ «ሰርዝ» የሚለው ተራ ሊንክ ነበር። በ2005 ጉግል ዌብ አክስለሬተር የሚባል ፕሮግራም አውጥቶ ነበር፤ ገጾችን ለማፋጠን ሲል ተጠቃሚው ያልተጫናቸውን ሊንኮች አስቀድሞ ይከፍት ስለ ነበር፣ «ሰርዝ»ን በሊንክ መልክ ባስቀመጡ ገጾች ላይ ማንም ሳይነካ ጽሑፍ ይጠፋ ጀመር። በእኛም መሥሪያ ቤት በ2010 ዓ.ም. በውስጥ መረቡ ላይ ሊንኮችን እየተከተለ ሰነዶችን የሚመዘግብ መፈለጊያ ፕሮግራም ተተክሎ ነበር፤ ዙሩን የሚጀምረውም እሑድ ሌሊት ነበር። በር የሌለው ገጽ፣ በሊንክ የተጻፈ ትእዛዝ፣ ሊንክ ሁሉ የሚከተል ፕሮግራም። ትእዛዙን የሰጠው ጨርሶ ሰው ላይሆን ይችላል።

ይህን በሁለት ገጽ ጽፌ፣ ጥፋቱ የአሠራሬ መሆኑን ገልጬ፣ የወጣቱ ማስጠንቀቂያ እንዲነሣ ለአስተዳደሩ አመለከትኩ። የመፈለጊያው ፕሮግራም መዝገብ ግን ከ90 ቀን በላይ አይቀመጥም ነበር፤ የእኔም ሰርቨር መዝገብ «አስተዳዳሪ» ከማለት በቀር ጥያቄው ከየትኛው ኮምፒዩተር እንደ መጣ እንኳ አይዝም ነበር። የተሰጠኝ መልስ አጭር ነው፤ ማስረጃ ባለመኖሩ ቀድሞ የተሰጠውን ውሳኔ ለመለወጥ አይቻልም የሚል ነው። የአዲሱ ሥርዓት መዝገብ ስምን፣ ሰዓትን፣ የቆይታውን መለያና የመጣበትን አድራሻ ይይዛል፤ ያለፈውን ግን ሊመሰክር አይችልም። ወጣቱ ከዚያ መሥሪያ ቤት ከለቀቀ ቆይቷል፤ የማመልከቻዬን ግልባጭ ሰጥቼዋለሁ፤ አዲስ ሥራ ሲያመለክት አያይዞት እንደሚያቀርብ ነግሮኛል።