አንድ ዓይነት ቢራ በየአገሩ ለምን ይለያያል? ከእንጅባራና ከዳንግላ ጠላ የምንማረው

(በምሩቃን ማኅበሩ የግንኙነት ቀን የቀረበ ንግግር)



ከውጭ አገር የምትመጡ ወንድሞችና እህቶች አንድ የማትረሷት ጨዋታ አለች፦ «ቢራው ያው ነው፤ ግን እዚያ ሲጠጡት ጣዕሙ ሌላ ነው» ትላላችሁ። እውነታችሁን ነው። እኔ የምሠራው አዊ ዞን ስለሆነ ምክንያቱን በጠላ ባስረዳ ይቀለኛል።

እንጅባራ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ደጋ ናት፤ የገብስ አገር። ዳንግላ ወደ 2,100 ሜትር ዝቅ ትላለች፤ እዚያ በቆሎውና ዳጉሳው ይበረታል። በሁለቱም ቦታ ጌሾ አለ፣ ብቅል አለ፣ እንኩሮ አለ፤ ስሙም ጠላ ነው። ግን እህሉ ሲለወጥ ጣዕሙም ይለወጣል። እንኩሮው ከጠቆረ መልኩም ምሬቱም ይጨምራል፤ ጋኑ በወይራ ከታጠነ ጢሱ አብሮ ይጠጣል። በብርድ እርሾው ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው፤ በሙቀት ይፈጥናል፣ ጠላውም ቶሎ ይኮመጥጣል። ውኃውስ? የምንጭና የጉድጓድ አንድ ነው እንዴ?

ፋብሪካም ከዚህ አያመልጥም። ጊነስን እንውሰድ፦ አየርላንድ ውስጥ በድራፍት የሚቀዳው 4.2 በመቶ ገደማ አልኮል አለው። ናይጄሪያ ውስጥ በጠርሙስ የሚታወቀው ግን ማሽላና በቆሎ የሚገባበት፣ አልኮሉም 7.5 በመቶ ገደማ የሆነ ነው። በዚያ ላይ መንገድ ላይ የሰነበተ ወይም ፀሐይ የመታው ቢራ ጣዕሙ ይበላሻል፤ በጣም የቀዘቀዘ ደግሞ ምላስን ያደነዝዛል።

እንግዲህ ወደ ሙያችን ልምጣ። እነዚህን ሁለቱን በ330 ሚሊ ሊትር ብናሰላቸው፣ አንደኛው 11 ግራም፣ ሌላኛው 20 ግራም ገደማ ንጹሕ አልኮል ይሆናል። በሕመምተኛው አፍ ግን ሁለቱም «አንድ ቢራ» ናቸው። ጠላ ላይማ የተጻፈ ቁጥር እንኳ የለም። ቅራሪም ጠላ ነው፣ ፊልተርም ጠላ ነው፤ ጉልበታቸው ግን አይገናኝም።

ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ጭራሽ ሳይቆጠር ሲቀር ነው። የቲቢ መድኃኒት የጀመረን ሰው «መጠጥ ይጠጣሉ?» ስንለው፣ «ኧረ እኔ አልጠጣም ዶክተር» ይላል። ጠላ ለእሱ መጠጥ አይደለማ! አይሶናያዚድ እየወሰደ በየቀኑ አልኮል የሚጠጣ ሰው ጉበቱ የበለጠ ለጉዳት እንደሚጋለጥ ሁላችንም ተምረናል። ጥያቄያችን ካልደረሰበት ግን ትምህርታችን አይጠቅመውም።

ስለዚህ መምህሮቻችንን አንድ ነገር እለምናለሁ። ተማሪዎች የሕመምተኛ ታሪክ መውሰድ ሲለማመዱ «አልኮል» በሚል አንድ ቃል አይለፉት። ጠላ፣ ጠጅ፣ አረቄ፣ ቢራ እያሉ በስም ይጠይቁ። ቅራሪ ነው ወይስ ፊልተር? በብርጭቆ ነው በጣሳ? በሳምንት ስንት ቀን? ገበያ ቀን ብቻ ነው ወይስ ቤት ውስጥም ይጠመቃል? ይኼ ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው፤ ጉበት ግን ሊያተርፍ ይችላል።