ጊታርን ከተገዙ ክፍሎች መገጣጠም

የኤሌክትሪክ ጊታርን ክፍሎች አዝዞ በራስ እጅ መገጣጠም ይቻላል። ነገሩን ያቀለለው የአሜሪካዊው የሊዮ ፌንደር ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950 ገበያ ላይ ያዋለው ጊታር አንገቱ በሙጫ ሳይሆን በ4 ብሎን ከአካሉ ጋር ይታሰር ነበር። የሮክ ጊታር ተጫዋቹ ኤዲ ቫን ሄለንም በ1970ዎቹ ዝነኛ ጊታሩን የሠራው ክፍሎችን ገጣጥሞ ነው።

ዋናው ነገር ልኬት ነው። በፌንደር ልክ ክሩ ከአንገቱ ጫፍ እስከ ድልድዩ (አካሉ ላይ ክሮቹ የሚያርፉበት ክፍል) 648 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ 12ኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ ያለው የብረት ዘንግ) እኩሌታው፣ 324 ላይ ያርፋል። ድልድዩ ጥቂት ሚሊ ሜትር ቢዛነፍ፣ ክሩ ሳይጫን ቢስማማም፣ ጣት ሲያርፍበት ከቅኝት ይወጣል። ከድልድዩ የሚነሳው የመሬት ሽቦም በደንብ ይበየድ፤ ያለበለዚያ ድምፅ ማጉያው ያጉረመርማል።

ልኬቱ ወሳኝ ስለሆነ ከማዘዝዎ በፊት፣ አንገቱና አካሉ በልክ እንደሚገጥሙ ሻጩን ይጠይቁ።