የሚመለስ ብርሃንና የማይመለስ ብርሃን

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ የዓይን ሕክምና ነርስ የቀረበ ንግግር)

ክቡራን የዩኒየኑ የሥራ አመራር ቦርድ አባላት፣
የተከበራችሁ የመሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ተወካዮች፣
ክቡራትና ክቡራን፣

ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ምርጥ ዘርና ስለ ትርፍ ክፍፍል በሚመከርበት በዚህ ጉባኤ ላይ ስለ ዓይን እንድናገር ዕድል ስለተሰጠኝ አመሰግናለሁ። ነገሩ ከእርሻችሁ የራቀ አይደለም። ዘር ከእንክርዳድ የሚለየው፣ ሚዛን የሚነበበው፣ አረም የሚታረመው በዓይን ነው። አንድ አባወራ ዓይኑን ሲያጣ መሬቱን ለእኩል ይሰጣል፤ በትሩን ይዞ የሚመራው ልጅም ከትምህርቱ ይቀራል። ስለዚህ ዓይነ ስውርነት የአንድ ሰው ብቻ ሳይሆን የቤተሰብ ጉዳት ነው።

በ1998 ዓ.ም. የተካሄደው ብሔራዊ የዓይን ጤና ጥናት እንዳመለከተው በአገራችን ከ1,000 ሰዎች መካከል 16 ያህሉ ዓይነ ስውራን ነበሩ። ከእነዚህ ውስጥ ግማሽ ያህሉ ብርሃናቸውን ያጡት በዓይን ሞራ ሲሆን፣ ከ100ው 11 የሚሆኑት ደግሞ በትራኮማ ጠባሳ ነው። ከ100 ዓይነ ስውራን የ87ቱ ችግር መከላከል ወይም ማከም የሚቻል እንደነበረም ጥናቱ ገልጿል።

እኔ ዛሬ ላስተላልፍ የምፈልገው መልእክት አንድ ነው። በዓይን ሞራ የጠፋ ብርሃን አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል፤ በትራኮማ የጠፋ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይመለስም። በየቤቱ ግን ሁለቱም “እርጅና ነው” ወይም “የፈጣሪ ቁጣ ነው” እየተባሉ በአንድነት ይታለፋሉ። የሚመለሰውን ሳናስመልስ፣ የማይመለሰውንም ሳንከላከል የምንቀረው በዚህ ምክንያት ነው።

የሚመለሰው፦ የዓይን ሞራ

በብሌናችን በስተኋላ ብርሃን የሚያሳልፍ ጥርት ያለ ሌንስ አለ። ይህ ሌንስ በዕድሜ፣ በአደጋ ወይም እንደ ስኳር በሽታ ባሉ ሕመሞች ምክንያት ሲደፈርስ የዓይን ሞራ ይባላል። ሕመም የለውም፤ እይታ ግን ቀስ በቀስ ይደበዝዛል። በጠብታም ሆነ በመነጽር አይድንም። መፍትሔው ቀዶ ሕክምና ነው። ሐኪሙ የደፈረሰውን ሌንስ አውጥቶ ሰው ሠራሽ ሌንስ ይተካል። ዓይኑ ስለሚደነዝዝ ሕመምተኛው አይሠቃይም፤ ሥራውም አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም።

“ሞራው እስኪበስል ጠብቁ” የሚባለው አሮጌ ምክር ነው። እይታው ሥራን ማሰናከል ከጀመረ መታየት ይገባል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ለጥቂት ሳምንታት ከአቧራና ከከባድ ሥራ መራቅ ስለሚያስፈልግ፣ ለገበሬ የሚመቸው ጊዜ ከአውድማ በኋላ ያለው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላሳስብ። ዓይን ሲደበዝዝ ሁሉ ሞራ ነው ማለት አይደለም። ግላኮማ የሚባለው በሽታም አለ፤ ብዙውን ጊዜ ያለ ሕመም እይታን ከዳር ጀምሮ ይወስዳል፤ የወሰደውንም አይመልስም። ቶሎ ከተደረሰበት ግን የቀረውን ብርሃን ማትረፍ ይቻላል። ስለዚህ ዕድሜው ከ40 ዓመት በላይ የሆነ፣ በተለይም በቤተሰቡ ግላኮማ ያለበት ሰው፣ ሳይታመም ይመርመር።

የማይመለሰው፦ ትራኮማ

ትራኮማ በባክቴሪያ የሚመጣና ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ ነው። በ1998ቱ ጥናት ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆኑ 100 ሕፃናት 40ዎቹ ላይ ተገኝቷል። ከዚያ ወዲህ ብዙ ቢሠራም ከአገራችን ገና አልጠፋም። ከልጅ ወደ ልጅ የሚሄደው በእጅ፣ እናት የልጆቿን ዓይናር በምትጠርግበት ነጠላ ጫፍና በዝንብ ነው። ይህች ዝንብ በብዛት የምትራባው ሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ዓይነ ምድር ነው።

በልጅነት ደጋግሞ የያዘ ትራኮማ የዓይን ቆብን ከውስጥ ያጠብሰዋል። ከዓመታት በኋላ ቆቡ ወደ ውስጥ ይታጠፍና ፀጉሩ የዓይንን መስታወት ይፍቃል። ልጆችን የሚንከባከቡት እነሱ ስለሆኑ ከወንዶች ይልቅ ሴቶች በብዛት ይጎዳሉ። ብዙ እናቶች ፀጉሩን በወረንጦ ይነቅላሉ፤ ለጥቂት ቀን ያሳርፋል፤ ፀጉሩ ግን ተመልሶ ያድጋል። ቆቡን የሚያስተካክለውን ቀዶ ሕክምና በጤና ጣቢያ የሠለጠነ ባለሙያ ይሠራዋል፤ ታካሚዋም በዚያው ቀን ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ሕመሙን ያስቆማል፤ የቀረውን ብርሃን ያድናል። ጠባሳ የያዘውን መስታወት ግን አያጠራም። አንዲት እናት በዘገየች ቁጥር የሚተርፍላት ብርሃን ይቀንሳል የምንለው ለዚህ ነው።

መከላከያው አራት ነገር ነው፦ የታጠፈ ቆብን በቀዶ ሕክምና ማስተካከል፣ በዘመቻ የሚታደለውን አዚትሮማይሲን መውሰድ፣ የልጆችን ፊት ማጠብ፣ መጸዳጃ ቤት ቆፍሮ መጠቀም። መድኃኒቱ “ዓይኔን አላመመኝም” ተብሎ የሚተው አይደለም፤ በሽታው ካልታመመውም ሰው ይተላለፋልና። “ውኃ ከሩቅ እየተቀዳ እንዴት ይሆናል?” የምትሉ ትኖራላችሁ። የሕፃን ፊት ለማጠብ አንድ ጣሳ ውኃ ይበቃል።

በሥራ ላይ ስለሚደርስ አደጋም ልጨምር። ፀረ ተባይ ወደ ዓይን ከገባ ወዲያውኑ በንጹሕ ውኃ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ አጥባችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። በአውድማ ገለባ ወይም በእሾህ የተወጋ ዓይን ላይ የቅጠል ጭማቂ አትጨምሩ፤ ቁስሉን ያመረቅዛል።

ከማኅበራቱ ምን ይጠበቃል?

ማኅበራቱ ሦስት ነገሮችን ቢያደርጉ ብዙ ዓይን ይተርፋል። አንደኛ፣ እያንዳንዱ መሠረታዊ ማኅበር ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ጋር ሆኖ በቀበሌው እይታቸው የደከመውንና ፀጉር የሚነቅሉትን ይመዝግብ። ሁለተኛ፣ እህል አራግፎ ባዶውን የሚመለሰው መኪና ታካሚዎችን ያመላልስ፤ ብዙዎችን ከቤት የሚያስቀረው ከቀዶ ሕክምናው ፍርሃት ባልተናነሰ የመጓጓዣ ችግር ነው። ሦስተኛ፣ በመጋዘናችሁና በወፍጮ ቤታችሁ መጸዳጃና መታጠቢያ ይኑር። አባል ከማኅበሩ ያየውን ወደ ቤቱ ይወስዳልና።

ክቡራትና ክቡራን፣

ወደ ቀበሌያችሁ ስትመለሱ በጎረቤታችሁ ቤት ጥግ የተቀመጡትን አዛውንት አስቡ። ምናልባት የሚመለስ ብርሃን ይዘው ዓመታት ተቀምጠው ይሆናል። ዝንብ ዓይኑን የከበበውን ሕፃንም አስቡ፤ የእሱ ግን ከጠፋ አይመለስም። አበው “ሳይቃጠል በቅጠል” ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።