ላውሰን ወይስ ፓተርሰን?

እሷ፦ እ.ኤ.አ. በ1892 ገጣሚዎቹ ሄንሪ ላውሰንና ባንጆ ፓተርሰን «ቡለቲን» በተባለው የሲድኒ ሳምንታዊ ላይ ስለ አውስትራሊያ ገጠር በግጥም ተሟገቱ። አንተ ከማን ጋር ነህ?

እሱ፦ ከፓተርሰን! የፈረሱ ኮቴ ከስንኙ ውስጥ ይሰማሻል። ሙግቱንም ተመካክረው ነው የጀመሩት አሉ፤ ክፍያው በጽሑፉ ርዝመት ነበራ!

እሷ፦ ጎበዞች! ግን ፓተርሰን እኮ የሲድኒ ጠበቃ ነው። ላውሰን በዚያው ዓመት ድርቅ ወዳለበት ቡርክ ሄዶ፣ በዚያ ሐሩር እስከ ሀንገርፎርድ በእግሩ የኳተነ ሰው ነው።

እሱ፦ ፓተርሰንም ያደገው ገጠር ነው። ላውሰን ደግሞ ሁሉን ያጨልመዋል።

እሷ፦ የእሱን «የከብት ነጂው ሚስት»ን አንብበህ ነው? ባሏ ለወራት የለም፤ እባብ ወለሉ ሥር ገብቷል። ልጆቿን ጠረጴዛ ላይ አስተኝታ፣ ዱላዋን ይዛ ከውሻዋ ጋር ሌሊቱን ስትጠብቅ ታድራለች። እኔን አንጀቴን የበላኝ ግን እሑዷ ነው። ልጆቿን አሰማምራ፣ እሷም አጊጣ፣ ማንም በማያያት መንገድ የሕፃን ጋሪ እየገፋች ትንሸራሸራለች።

እሱ፦ እሺ፣ በአጭር ልቦለድ ተሸነፍኩ። በግጥም ግን አልለቅም።

እሷ፦ አንድ አድማጫችን ደግሞ «ላውሰን የአገሩን ነባር ሕዝብ የሚስለው በንቀት ነው» ይላሉ።

እሱ፦ እውነታቸውን ነው። በዚያው ታሪክ የከብት ነጂውን ሚስት፣ የእንጨት ክምሩን ውስጡን ባዶ አድርጎ የሚያታልላት ነባር ሰው ነው። ራሷ ከነባሩ ሕዝብ የተወለደችው ጸሐፊ ሊያ ፐርሴል እ.ኤ.አ. በ2016 ታሪኩን ለመድረክ ስትጽፈው ሴትዮዋን ራሷን የነባሮቹ ልጅ አድርጋት አረፈች።

እሷ፦ እሱን ለሳምንት እናቆየው። ስልካችን ክፍት ነው፤ የፓተርሰን ደጋፊዎች፣ ደውሉ።