ድምፅ ሰማ ማለት ብቻ አይበቃም



ዛር ሲነሣ ምን እንደሚሆን ብዙዎቻችን እናውቃለን። ቡናው ይፈላል፣ ዕጣኑ ይጨሳል፣ ከበሮው ይመታል። ሴትየዋ ትንቀጠቀጣለች፣ ታጓራለች፣ በወንድ ድምፅ ትፎክራለች፤ መንፈሱም ስሙን ተናግሮ ግብሩን ይጠይቃል። ሲለቃት የሆነውን አታስታውስም፤ በማግስቱ ግን ገበያ ወጥታ ሒሳቧን ሳታዛንፍ ትሸጣለች። ሐኪሞች ዲሶሲየሽን የሚሉት ይህን የመሰለውን ነው፦ ትውስታ፣ ማንነትና የሰውነት ቁጥጥር ለጊዜው ይለያያሉ። ሰውየው ሳይፈልገው እየመጣ ካላስጨነቀውና ኑሮውን ካላወከው በቀር ሕመም አይባልም። ሳይኮሲስ ሌላ ነው። ታማሚው ጎረቤቶቹ ሊመርዙት እንዳሴሩ ያምናል፣ ንግግሩ አልያያዝ ይላል፣ እያደር ከሥራም ከሰውም ይርቃል።

ችግሩ ድምፅ መስማት በሁለቱም መኖሩ ነው። ጀርመናዊው የአእምሮ ሐኪም ኩርት ሽናይደር እርስ በርስ የሚነጋገሩ ድምፆችንና ከውጭ ኃይል የመጣ የሚመስል ሐሳብን ከሳይኮሲስ ሕመሞች አንዱ የሆነው የስኪዞፍሬኒያ ዋና ምልክቶች አድርጎ ነበር። በ1987 እ.ኤ.አ. ግን አሜሪካዊው የአእምሮ ሐኪም ሪቻርድ ክለፍት እነዚያኑ ምልክቶች ብዙ ማንነት ባላቸው የዲሶሲየሽን ታማሚዎች ላይ በብዛት አገኛቸው። የልጅነት በደልም በሁለቱም ሕመሞች ታሪክ ውስጥ ደጋግሞ ይገኛል፤ አንድን ሰው ሁለቱም ሊይዙት ይችላሉ። ስለዚህ ድምፁ ምን አለ ከማለት ይልቅ፣ በሁለት መነሣት መካከል ሰውየው እንዴት ይኖራል የሚለው ጥያቄ የበለጠ ይነግረናል ብዬ አምናለሁ።

«ስሙ ምንም ይሁን፣ መድኃኒቱ ያው አይደለም ወይ?» የሚል ይኖራል። አይደለም። የሳይኮሲስ ሕክምና ሲዘገይ ማገገሙ ይከብዳል፤ ፀረ ሳይኮሲስ መድኃኒትም የሕክምናው መሠረት ነው። ዲሶሲየሽንን እንደሚያድን የተረጋገጠ መድኃኒት ግን የለም፤ የሚጠቅመው የደረሰውን በደል ቀስ በቀስ የሚነካ የምክር ሕክምናና የቤተሰብ ድጋፍ ነው። ያለ ቦታው የተሰጠ መድኃኒት መንቀጥቀጥንና የጡንቻ መገተርን ሊያተርፍ ይችላል።

«መንፈስን ሐኪም ምን አገባው?» የሚለው ተቃውሞ ከባድ ነው፤ እኔም አላናንቀውም። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የሚጓዝበት የአርሲው ፈረቀሳ የብዙዎች መጽናኛ ነው፣ ጸበሉም እንደዚያው። ሕክምና ጸበሉን ተው አይልም፤ መድኃኒቱ እንዳይቋረጥ፣ ታማሚው በሰንሰለት እንዳይታሰር ግን ይጠይቃል።

አንድ መረጃ እዚህ ላይ ያሳስበኛል። በ1990ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. በቡታጅራ ከ68 ሺህ በላይ ጎልማሶች ተጣርተው ስኪዞፍሬኒያ ከተገኘባቸው ውስጥ ከ5ቱ 4ቱ ያህል ወንዶች ነበሩ። በብዙ አገር ልዩነቱ ይህን ያህል አይሰፋም። ዛር ያደረባት የምትባለው ደግሞ በአብዛኛው ሴት ናት። ቤት ውስጥ የዋለች ሴት ሕመሟ «ዛር ነው» ተብሎ ከዐይን ተሰውሮ ይሆን? ይህ ግምቴ ነው፤ ሌላም ምክንያት ሊኖረው ይችላል። ሆኖም የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎቻችን እናቶችን ሲጎበኙ መነሣቱ ካለፈ በኋላ ሰውን መጠራጠሯ ይቀጥላል ወይ፣ ምግቧን መርዝ አለው ብላ ትተዋለች ወይ፣ ልጆቿን መንከባከብ አቁማለች ወይ ብለው ቢጠይቁ፣ ወደ ሐኪም መላክ ያለባትን ሴት በጊዜ ያገኟታል።